በነጠላ ጫፍ የተቋጠረ ለውዝ

ሲስተር አበራሽ መሞቷን የሰማሁት ሞጣ መናኸሪያ ውስጥ፣ የቢቸናው ሚኒባስ እስኪሞላ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ነው። ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ቢቸና ስላለ ለቅሶ ያወራሉ። አንደኛዋ «ያቺ የልጅ ክንድ የምትለካው ነርስ» አለች።

«የትኛዋ ነርስ?»

«ሞጣ የነበረችው። ሰላምታ የማታውቀዋ።»

ያን ጊዜ ማን እንደሆነች ገባኝ። ጉዞዬ ቢቸና ያለችውን እናቴን ልጠይቅ ነበር። ስደርስ አስቀድሜ የለቅሶውን ቤት አፈላልጌ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ መካከል ተቀመጥኩ። አንድ የመሥሪያ ቤት ሰው ስለ አገልግሎቷ ተናገረ፤ ታታሪና ሰው አክባሪ ነበረች አለ። ታታሪ መሆኗ እውነት ነው። ከየት አውቃታለሁ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ቢጠይቁኝም ምን እንደምመልስ እንጃ። ዘመዴ አይደለችም፣ ጓደኛዬም አልነበረችም። በስሜ እንኳ ጠርታኝ አታውቅም፤ «የሰብለ እናት» ነበር የምትለኝ።

ሰላምታ አታውቅም የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ አገር ሰው ሲገናኝ እንዴት አደርሽ፣ ልጆቹስ፣ ባልሽስ፣ ከብቱስ ደህና ነው ወይ እየተባባለ ይቆያል። ሲስተር አበራሽ ከደሴ ወዲያ የመጣች ናት። ጤና ጣቢያው ውስጥ አንዲት እናት ገብታ ሰላምታውን ስትጀምር «ደህና ነን፤ ልጁን አምጪው» ትላለች። አንዳንዶቹ ኩራት ነው ይሉ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ባልቴት ተቀይመው «ምነው ልጄ፣ እግዜር ይመስገን ብትይ ምን አለ?» አሏት። «በሩ ላይ ስንት ሕፃን ቆሟል እማማ። እሱን ከጨረስኩ ወጥቼ እንደፈለጉ እሳምዎታለሁ» አለቻቸው። ባልቴቷ ውጭ ቁጭ ብለው ጠበቁ። እሷም ስትወጣ ጎንበስ ብላ ሳመቻቸው።

ቀጭንና ረዥም ነበረች፤ ግራኝም ነበረች። ያቺን ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ያላትን፣ የሕፃን ክሳት የሚታወቅባትን የክንድ መለኪያ እንደ አምባር በእጇ አንጓ ላይ ጠቅልላ ነበር የምትዞረው። ገበያ ላይ ስትገዛ ብናያትም መለኪያዋ እጇ ላይ ናት። ሌላም ልማድ ነበራት። የታሸገ ነገር ሁሉ ጀርባውን ሳታነብ አትገዛም። ብስኩትም ይሁን ዘይት፣ ሳሙናም ቢሆን። ባለ ሱቁ «ሲስተር፣ ደብዳቤ ነው እንዴ?» ሲላት «አዎ፣ ለእኔ የተጻፈ ነው» ትለውና ማንበቧን ትቀጥላለች። ብዙ ጊዜ አንብባ አንብባ መልሳ መደርደሪያው ላይ ታስቀምጠዋለች። ባለ ሱቁ ይህን ነው የማይወደው።

እኔ በትምህርት ስድስተኛ ክፍል ነው የደረስኩት። የዕቃ ጀርባ ይነበባል የሚል ሐሳብ ከእሷ በፊት ኖሮኝ አያውቅም።

ያን ጊዜ ልጄ ሰብለ ሁለት ዓመት አልፏታል። ከኩፍኝ ከተነሣች ወዲህ ሥጋ አልያዘላትም። እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ። ስታስላት እደነግጣለሁ፤ ዝም ስትልም እደነግጣለሁ። ባለቤቴ ወደ ባሕር ዳር በሚመላለስ መኪና ላይ ረዳት ስለነበር አብዛኛውን ጊዜ እቤት የለም። እኔ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ እሸጣለሁ። ልጅቱን ቀን የሚይዙልኝ አማቴ እማማ ብርነሽ ናቸው። ጥርሳቸው ሙሉ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ጾም የማያጓድሉ ሴት ናቸው።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ሰብለን ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሲስተር አበራሽ መለኪያውን ከእጇ ፈትታ የልጅቱ ክንድ ላይ አዞረችው። ቢጫው ላይ ቆመ።

«ቢጫ ማለት ምን ማለት ነው?» አልኩ።

«ከቀይ በፊት ያለ ማለት ነው። ወተትና እንቁላል ስጫት። ቀይ ከሆነች እዚህ አናስቀምጣትም፤ ሆስፒታል ነው የምትተኛው።»

ከኋላዬ የቆመችው ሴት ዝቅ ብላ «ቀይ ብትሆንልሽ ይሻልሽ ነበር። ለቀዮቹ እኮ ያን የታሸገውን የለውዝ ቅቤ በነፃ ይሰጧቸዋል» አለችኝ። ሲስተር አበራሽ ቀና አለች። «አንቺ፣ ባለ ሻሹዋ፣ ለከረጢት ብለሽ የሰው ልጅ ቀይ አትመኚ። እኔ እዚህ ቤት ቀይ ከሆኑት ሁሉም ሲመለሱ አላየሁም» አለቻት።  እኔ ያቺን ቃል ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ሰብለ በተኛች ቁጥር ክንዷን በሁለት ጣቴ እየያዝኩ ቀጥኖ እንደሆነ አይ ነበር።

ጾሙ ገባ። በእኛ ቤት ጾም ሲገባ ድስቱ፣ ጭልፋው፣ ሳህኑ ሁሉ ታጥቦና ተፈትጎ ይጠራል። ከዚያ በኋላ እስከ ፋሲካ ወተትም እንቁላልም አይነካውም። ልጅ ይጹም የሚል ሰው የለም፤ ሁሉም ልጅ እንደማይጾም ያውቃል። ነገር ግን ለአንዲት ሕፃን ተብሎ የቤቱ ዕቃ አይበላሽም። እንዲያ ስለሆነ ሕፃኑም ሳይጾም ይጾማል። እማማ ብርነሽ ልጆቻቸውን ሁሉ ያሳደጉት እንዲህ ነው። እኔም ያደግሁት እንዲህ ነው፤ ስለዚህ እንቁላል ልቀቅል ብዬ አፌን ከፍቼ መናገር አልቻልኩም።

ከአጥራችን ማዶ ያሉት ጎረቤታችን እትዬ ፋጡማ ይባላሉ፤ ባላቸው ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ልጃቸው ጅዳ ነበረች። በዚያ ሰሞን በሰው እጅ ዕቃ ላከችላቸው። እሳቸውም ከውስጡ አንድ ትልቅ ፓኬት ይዘው መጡ። ኦቾሎኒ አይደለም። ረዘም ያለ ፍሬ ነው፣ የዐረብ አገር ለውዝ፤ ተቆልቶ ስኳር ለብሷል። ስኳሩ ቡናማ ሆኖ እንደ ቅርፊት ጠጥሮበታል።

«ለልጅቱ ነው» አሉ እትዬ ፋጡማ። «የጾም ነው ደግሞ። ቅቤ የለበት፣ ወተት የለበት። እማማ ብርነሽ፣ እርስዎም አይፈሩት።»

«የጾም ከሆነማ እሰየው» አሉ እማማ ብርነሽ።

ደስ አለኝ። ለውዝ ጠንካራ ምግብ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ፍሬውን ሳየው ግን ፈራሁ። ሙሉውን ብትውጠውና ቢያንቃትስ? ወደ ገበያ ስወጣ «እማማ፣ አደራ፣ ፍሬውን እንዳትውጠው። እንዳያንቃት» አልኳቸው። በወጣሁ ቁጥር ይህን ሳልናገር ከደጃፍ አላልፍም ነበር። እሳቸውም «ስንቱን ያሳደግሁ ሰው ነኝ፤ ሂጂ ሥራሽን ሥሪ» ይሉኛል። ማታ ስመለስ «በላች?» እላለሁ። «እንዴታ። ደስ ብሏት ነው የምትበላው» ይላሉ።

ቀጠሮው ደርሶ ጤና ጣቢያ ስመለስ ልቤ ሙሉ ነበር። ሲስተር አበራሽ ምን እያበላኋት እንደሆነ ስትጠይቀኝ «ለውዝ፣ በየቀኑ» አልኳት። «ጥሩ» አለችና መለኪያውን አዞረችው። አየችው። ፈታችና እንደገና አዞረችው። ቢጫ ነው፤ ግን ወደ ቀዩ ቀርቧል።

«በየቀኑ ነው ያልሽኝ?»

«በየቀኑ። አንድ እፍኝ ያህል።»

«ተቅማጥ አላት? ትኩሳትስ?»

«የላትም።»

መለኪያውን እጇ ላይ መልሳ ጠቀለለችው። «አንድ እፍኝ ለውዝ በየቀኑ የበላ ልጅ እንዲህ አይሆንም። ነገ ለውዙን አምጪልኝ። ሰብለንም አምጪያት። የሚያበላትንም ሰው አምጪ» አለችኝ።

በማግሥቱ እማማ ብርነሽ ንጹሕ ነጠላቸውን ለብሰው ተከተሉኝ። የተጠሩት ለምስጋና ነበር የመሰላቸው። ሲስተር አበራሽ ፓኬቱን ተቀብላ እንደ ልማዷ ጀርባውን ማንበብ ጀመረች። ጽሑፉ ዐረብኛና እንግሊዝኛ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ አንዱን ፍሬ ወደ አፏ ታደርግ ነበር። እናቶች የሚያመጡትን ምግብ ሁሉ ቀምሳ፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ነው የምትናገረው። ያን ቀን ግን ገና ረፋድ ነበር።

«እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም። እናንተም አትቀምሱም» አለች። «እንግዲህ የሚቀምስ ሰው ሰብለ ብቻ ናት። እማማ፣ ቤት እንደሚያደርጉት አድርገው ይስጧት።»

እማማ ብርነሽ አንድ ፍሬ አንሥተው ለልጅቱ አጎረሷት። እኔ ታነቀች ብዬ ብድግ አልኩ። እሳቸው ግን ከአገጯ ሥር መዳፋቸውን ዘርግተው ጠበቁ። ሰብለ መጠጠች፣ መጠጠች። ስኳሩ ሲያልቅ «አምጪ የኔ እመቤት» አሏት። ልጅቱ ለምዳዋለች፤ ፍሬውን መዳፋቸው ላይ ጣል አደረገችላቸውና ሌላ ለመቀበል አፏን ከፈተች። እማማ ብርነሽ ፍሬውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

ሲስተር አበራሽ ቋጠሮውን ተመለከተች። ከዚያ «እማማ፣ ፍሬውን ምን ሊያደርጉት ነው የቋጠሩት?» አለቻቸው።

«ላቆየው ነዋ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ጾም አይደል እንዴ?»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በውሃ ለቅለቅ አድርጌ እበላዋለሁ። ይጣል እንዴ? የእግዜር ፍሬ ነው።»

«ጥርስዎ ደህና ነው?»

«ተመስገን። አንድም አልጎደለ።»

ሲስተር አበራሽ ወደ እኔ ዞረች። «የልጅሽ ክብደት የት እንደገባ አገኘነው» አለች።

ነገሩ ለእማማ ብርነሽ ወዲያው አልገባቸውም። ሲገባቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። «እኔ ምን አጠፋሁ?» አሉ። «ይቺው ናት ጠዋት ጠዋት እንዳያንቃት፣ ፍሬውን እንዳትውጥ እያለች ነፍሴን የምታወጣው። አደራ ተባልኩ፣ አደራዬን ጠበቅሁ።»

«ምንም አላጠፉም» አለች ሲስተር አበራሽ። «ሙሉውን አስውጠዋት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሌላ ነገር እናወራ ነበር። በዚህ ዕድሜ ሙሉ ለውዝ ያንቃል። እናቷ የፈራችው ልክ ነው።»

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘረጋችና ጥቂት ፍሬዎች አፈሰሰችበት። በማንኪያ ጀርባ እየመታች ቅርፊቱን ከፍሬው ለየችው። ስኳሩን በአንድ በኩል፣ ፍሬውን በሌላ በኩል ከመረች። ሁለቱ ክምሮች ብዙም አይበላለጡም ነበር። ይህን አልጠበቅሁም።

«እዚህ ጀርባው ላይ ከሁሉ ቀድሞ የተጻፈው ስኳር ነው» አለች። «ቀድሞ የሚጻፈው ብዙ ያለው ነው። ለውዙ ሁለተኛ ነው። ይኸኛው ክምር ጉልበት ይሰጣል፤ ግን እንደ ጭራሮ እሳት ነው፣ ቦግ ብሎ ይጠፋል። ሥጋ አይሆናትም። ሆዷንም ስለሚያታልለው ሌላውን ምግብ እንቢ ትላለች። እንቢ ትላለች አይደል?»

«ትላለች» አልኩ። ገንፎዋን መግፋት ከጀመረች ሰንብታ ነበር።

«ይኸኛው ደግሞ ፍሬው ነው። ቅባቱ እዚህ ነው ያለው። ፕሮቲኑም እዚህ ነው፣ ለአጥንት የሚሆነውም እዚህ ነው። ስኳሩ ለሰብለ፣ ሌላው ለእማማ ሲደርስ ከርሟል።»

እማማ ብርነሽ ቋጠሮውን ፈትተው ያቺን አንዲት ፍሬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ተነሥተው ወጡ። ወደ ቤት ስንመለስ ከፊት ከፊቴ ነበር የሚሄዱት።

በዚያው ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሲስተር አበራሽ ቤታችን መጣች። አልጠራናትም። ከሥራ ወጥታ ወደ ቤቷ ስትሄድ መሆኑ ነው። ሰላምታ አላበዛችም። «ሙቀጫ አላችሁ?» አለች። አመጣሁ። ፍሬውን በሞቀ ውሃ ለቅለቅ እያደረገች ስኳሩን አወጣች፤ አደረቀችው፤ እንደ ዱቄት እስኪልም አስወቀጠችኝ። «ይህን ገንፎዋ ላይ። አሁን አያንቃትም፣ የሚተርፍም የለም» አለች።

ይህን ጊዜ እማማ ብርነሽ ጥግ ላይ ተቀምጠው «እንግዲያው ተገላገልን። የጾም ምግብ በቃት» አሉ።

«አልበቃትም እማማ። ለውዝ ብዙ ነገር አለው፤ የሌለውም አለ። ለዓይኗ የሚሆነው የለውም። ለደሟ የሚሆነውም በእንቁላልና በወተት ያለውን ያህል አይደለም። ደህና ልጅ ብትሆን እስከ ፋሲካ ይሁን እል ነበር። እሷ ግን እስከ ፋሲካ የሚያደርሳት ስንቅ የላትም።»

«አንቺስ ትጾሚያለሽ?»

«ጠዋት አላዩኝም? እጾማለሁ።»

«ታዲያ ሥርዓቱን እያወቅሽ። ልጅ አይጾምም፣ አውቃለሁ። ዕቃው ነው የሚጾመው።»

«የማይጾም ዕቃ ባመጣስ?»

እማማ ብርነሽ አሰቡ። «ከእኔ ጓዳ አይገባም» አሉ።

«ካልገባ ምን ይላሉ?»

«ከጓዳዬ ካልገባ ምን አገባኝ። ለማንኛውም የነፍስ አባቴን ልጠይቅ።»

«ይጠይቁ። እስኪመልሱልዎት ድረስ ግን ልጅቱ ትብላ» አለች።

በማግሥቱ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ድስትና አንድ ማንኪያ ይዛ መጣች። ከገዛ ቤቷ ትሁን ከገበያ አላውቅም። የእኛን በር አልፋ በቀጥታ እትዬ ፋጡማ ቤት ገባች። እኔ ሰብለን ታቅፌ ተከተልኳት።

«እርስዎ ዘንድ አሁን ጾም የለም» አለቻቸው።

«የእኛ ገና ነው» አሉ እትዬ ፋጡማ።

«ይቺ ድስት የሰብለ ናት። እዚህ ትቀመጥ። ወተትና እንቁላሉን እናቷ ታመጣለች፤ የሚያበስልላት ሰው ነው የቸገራት።»

እትዬ ፋጡማ ድስቷን አገላብጠው አዩዋት። «ይቺን ታህል ድስት ለማብሰል ደግሞ ሰው ይቸግራል? የኔ ነገር፣ ስኳር አበላሁ መሰለኝ፤ እንግዲህ ካሳ ነው» አሉ።

«ካሳ አይደለም። ለውዙ ባይመጣ ዱቄቱንም አናገኝም ነበር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰብለ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ በአጥሩ ቀዳዳ እየተቀበሏት እትዬ ፋጡማ ቤት ትበላ ነበር። ጓዳችን እንደጠራ ነው። የሚያሻግሯት ደግሞ እማማ ብርነሽ ናቸው፤ እኔ ገበያ ነኝ። እትዬ ፋጡማ እንደነገሩኝ፣ ልጅቱን በአጥሩ አሳልፈው ይሰጡና ፊታቸውን ወደ መንገዱ ያዞራሉ። ስትመለስ «ጨረሰች?» ይላሉ። አልጨረሰችም ከተባለ «መልሺያት፣ ትጨርስ» ብለው ያሻግሯታል። የነፍስ አባታቸውን ጠይቀው ይሁን ሳይጠይቁ አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኋቸው።

እኔ ግን አልተረጋጋሁም። ገንፎውን መውደድ ጀመረች፤ ይህን አየሁ። ስታስል ሲስተር አበራሽ ስንቅ የላትም ያለችው ይታወሰኛል። ክንዷን በጣቴ መያዜን አልተውኩም፤ አንድ ቀን የወፈረ፣ በማግሥቱ ደግሞ የቀጠነ ይመስለኛል። ሲስተር አበራሽ መንገድ ላይ ስታገኘኝ አትቆምም። «ትበላለች?» ትላለች፤ «ትበላለች» እላለሁ፤ ታልፋለች። አይዞሽ እንድትለኝ እፈልግ ነበር። ለማንም አይዞሽ ስትል አልሰማኋትም። ኋላ እንደተረዳሁት፣ መለኪያው ያላለውን እሷ አትልም።

ፋሲካ ሲቃረብ ቀጠሮዬ ደረሰ። ያን ቀን ገበያ አልወጣሁም። እማማ ብርነሽም ነጠላቸውን አጣፍተው ሳልጠራቸው ተከተሉኝ። ሰልፉ ረዥም ነበር። ተራችን ሲደርስ ሰብለን ከፊቷ አቆምኳት። ሲስተር አበራሽ መለኪያውን ከእጇ ፈታች፤ ክንዷ ላይ አዞረችው። እኔ መለኪያውን ሳይሆን ፊቷን ነበር የማየው። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ፈታችና እንደገና አዞረችው። ከዚያ ካርዱ ላይ ጻፈች፣ ካርዱን ሰጠችኝና «ቀጥሎ» አለች።

ከኋላዬ ያለችው ሴት ልጇን አቅፋ ገፋ ገፋ አደረገችኝ። አልተነሣሁም። እማማ ብርነሽም ልጅቱን በእጃቸው እንደያዙ ቆመዋል። መጠየቅ ፈራሁ።

ሲስተር አበራሽ ቀና ብላ አየችን።

«ምን ቀራችሁ?» አለች።

«ምን ሆነች?» አሉ እማማ ብርነሽ።

«አረንጓዴ ናት። ልጃችሁ አልታመመችም፤ ቦታውን ለታመመ ልቀቁ።»

ተነሥተን ወጣን። እማማ ብርነሽ በሩ ላይ ሲደርሱ ወደ ውስጥ ዞረው ሊመርቋት እጃቸውን አነሡ፤ እሷ ግን የቀጣዩን ልጅ ክንድ ይዛ ነበር።